«ሁሉም የራሱ ቦታ አለው» ያለው ማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ቀን፣ ታላቅ ወንድሜ ከመንዝ ደወለልኝ። የወንድሜ የስልክ ወሬ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጤና ነው፤ ቀጥሎ ውርጩና ዝናቡ፤ ከዚያ የበግ ዋጋ። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ሂሳቡ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ዕለት ግን ጤናዬን እንኳ በወጉ ሳይጠይቅ «ልጅቱ ወደቀች» አለኝ።

የመጨረሻ ልጁ ናት። ከሌሎቹ ሁሉ ተለይታ 12ኛ ክፍል የደረሰችው እሷ ብቻ ናት። «አልቅሳ አልቅሳ አሁን ገና ተኛች» አለኝ። «አንተ ከቃል ጋር የኖርክ ሰው ነህ፤ ስትነሣ ምን ልበላት?»

ከቃል ጋር የኖረ ሰው ችግሩ ይኼው ነው። ሰው ሲጨነቅ ይጠይቀዋል፤ እሱም ባለሱቅ ከመደርደሪያ ሳሙና እንደሚያወርድ የተዘጋጀ ቃል ያወርድለታል። እኔም አላሰብኩበትም፤ አወረድኩለት። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻ አይደለም እኮ ሕይወት ማለት። አምስት ጣት እኩል አይደለም። ሰው ሁሉ የየራሱ ቦታ አለው፤ አንቺም ቦታሽን ታገኛለሽ በላት» አልኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

«እንደኔ?» አለ።

በቁጣ አልነበረም። ሽሙጥም አልነበረበትም፤ ወንድሜ መሸሞጥ አያውቅበትም። የሰማውን በትክክል ለመረዳት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። «እንደኔ ታገኛለሽ በላት ነው የምትለኝ?» መልስ አልነበረኝም። ስለ በግ ዋጋ ጠየቅኩት። እሱም የመለሰልኝ ለወጉ ያህል ነው፤ ተሰነባብተን ስልኩን ዘጋን።

ያቺ አንዲት ቃል እስካሁን ስለምትከነክነኝ ዛሬ ስለ እሷ ልጻፍ።

መጀመሪያ ያችን የጣት ነገር እንያት። ይህን አባባል በዕድሜዬ መቼ መቼ እንደሰማሁት ለማስታወስ ሞከርኩ። ደመወዙ እንዲጨመርለት ለጠየቀ ተላላኪ አለቃው ሲመልስለት ሰምቻለሁ። በወንድማማቾች የውርስ ክፍፍል ላይ፣ ከአስፋልት ፊት ለፊት ያለው ቦታ የደረሰው ወንድም ከጀርባ ላለው ሲነግረው ሰምቻለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ተቀጥረው አንዱ አለቃ አንዱ ጸሐፊ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አለቃው ብሎታል። ትንሿ ጣት ራሷ ስትናገረው ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል። እኔ ግን አጋጣሚ አይመስለኝም።

«ሁሉም በየቦታው» የሚለው ትምህርት በሀገራችን ምን ሲሠራ እንደኖረ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ገበሬው ማረሻውን የሚያስቀጠቅጠው ከቀጥቃጩ ዘንድ ነው፤ ጋቢውን የሚሸምንለት ሸማኔው ነው፤ ምጣዱንና ጋኑን የምትሠራለት ሸክላ ሠሪዋ ናት። ያለ እነዚህ ሰዎች አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅም ነበር። ግን በአንድ ማዕድ አብሯቸው አይቀርብም፤ ጋብቻማ አይነሣ። ልጁ ሲታመም «በልታብኝ ነው» የሚለው ያችኑ ምጣድ የሸጠችለትን ሴት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አንድ ነገር በንጉሥ አዋጅ የሚከለከለው ሰው ሁሉ ሲያደርገው ነው። እንግዲህ ቀጥቃጩም ሸማኔውም «የራሳቸው ቦታ» ነበራቸው፤ ማንም አልነጠቃቸውም። የተቸገሩት ከቦታው መውጫ አጥተው ነው።

ፕላቶም በ«ሪፐብሊክ» መጽሐፉ ከዚህ የሚመሳሰል ተረት አለው። ለከተማዋ ሰዎች ምን እንደሚነገራቸው ሲያስረዳ፣ ፈጣሪ ለመግዛት የተፈጠሩትን ሲሠራ ወርቅ፣ ረዳቶቻቸውን ሲሠራ ብር፣ ገበሬዎችንና የእጅ ሙያተኞችን ሲሠራ ደግሞ ብረትና ነሐስ እንደቀላቀለባቸው ይነገራቸው ይላል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ተረቱ አልነበረም፤ ፕላቶ ተረቱ ውሸት መሆኑን አለመደበቁ ነው። ለከተማዋ ሰላም የሚጠቅም ውሸት ነው ብሎ በግልጽ ያቀርበዋል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከነሐስ ወላጅ የወርቅ ልጅ ሊወለድ እንደሚችል፣ ያኔም ልጁ ወደ ላይ መውጣት እንዳለበት ጨምሮ ተናግሯል። የኛዎቹ የጣት ተራቾች ይህችን ጭማሪ ይዘሏታል።

(የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሜዳሊያ የሚሸልሙት ሰዎች ፕላቶን አንብበው ይሁን አይሁን አላውቅም። ወደ ሜዳሊያው እመለሳለሁ።)

የዘመናችን ወጣት «ይኼ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ዘመኑ የውድድር ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡትን መጻሕፍት ማየት ነው። እያንዳንዱ ሽፋን ላይ ክራቫት ያሰረ ሰው ደረጃ ይወጣል። ትምህርታቸው አንድ ነው፤ የተጋ ይደርሳል፣ ያልደረሰ አልተጋም። ይህ ትምህርት ከጣቱ አባባል ይሻላል፤ ቢያንስ በር ይከፍታል። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው፤ ገብቼ ስመለከት ግን በሩ ላይ የቆምነው ሁላችን ከአንድ ቦታ አልተነሣንም።

የወንድሜ ልጅ የወደቀችበትን ፈተና እንመልከተው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት 896 ሺህ 520 ተማሪዎች ነበሩ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ፈተናው ዋሸ አልልም። ከዚያ በፊት ፈተና ይሰረቅ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. እንዲያውም ወጥቶ ተሰራጭቶ ተሰርዟል። ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተኑ እውነቱን አወጣው። ግን ያወጣው እውነት የማን ነው? አንድ ትምህርት ቤት ሙሉውን ሲወድቅ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም የሚተጋ ልጅ አልነበረም ልንል ነው?

ያ ዓመት ደግሞ ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ የመጣበት ዓመት ነው። በኅዳር መጨረሻ በሀገሪቱ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ነበር። ክፉ አደረጉ አላልኩም፤ ሰብል ሜዳ ላይ አይቀርም። ነገር ግን ለአዲስ አበባው ተማሪ ሳምንት የነበረችው ነገር እነሱ ዘንድ ሳምንት ብቻ ሆና አልቀረችም። አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ መብራት ሳይጠፋበት ያጠናው ልጅና እሷ በአንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት ላይ ተፈተኑ። ከዚያ ውጤቱ ወጣ። ከተወሰነ ነጥብ በላይ ላመጡ የማካካሻ ትምህርት ተፈቀደ፤ እሷ ከዚያችም ነጥብ በታች ሆነች።

ሁለቱን ትምህርቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው። የጣቱ አባባል ወደ ኋላ የቀረውን «ቦታህ ነው» ይለዋል። የስኬቱ መጽሐፍ «ጥፋትህ ነው» ይለዋል። ከፊት ላለው ሰው ግን ሁለቱም የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ «ዞረህ ማየት የለብህም»።

ወደ ሩጫው ልምጣ። «ሕይወት ሩጫ ነው» ማለት የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ሩጫ ማየትም እናውቅበታለን። ታዲያ ሩጫን እንደዚያ ከተመለከትነው፣ ከአሸናፊው ሌላ ያሉትን ሰዎች ለምን እንረሳለን? ስለሺ ስህንን ውሰዱ። በ10 ሺህ ሜትር በነሐሴ 1996 አቴንስ ላይ ሁለተኛ፣ በ1997 ሄልሲንኪ ላይ ሁለተኛ፣ በ1999 ኦሳካ ላይ ሁለተኛ፣ በ2000 ቤጂንግ ላይ ሁለተኛ ወጣ። ከፊቱ አራቱንም ጊዜ የነበረው ቀነኒሳ በቀለ ነው። ቤጂንግ ላይ የገባበት ሰዓት 27 ደቂቃ ከ2 ነጥብ 77 ሰከንድ ነበር፤ በመካከላቸው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። በዚያ ሰዓት ከዚያ በፊት በተካሄደ በየትኛውም ኦሊምፒክ ቢሮጥ ወርቁ የሱ ነበር። ሁላችን ግን ቡና እየጠጣን «ስለሺ ቦታው ሁለተኛነት ነው» ስንል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። እሱ ራሱ ለሁለተኛነት ሮጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። በየዓመቱ የሚነሣው ለወርቅ ነው፤ ካልሆነለት ደግሞ ብሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ባንዲራውን ይዞ ይዞር ነበር። ያን ብር ምን እንደሚለው የመናገር መብት ያለው እሱ ነው።

ፖል ቴርጋትንም አንርሳው። በአትላንታም በሲድኒም ኃይሌን ተከትሎ የገባው ኬንያዊ ነው። ሲድኒ ላይ፣ በመስከረም 1993፣ በመካከላቸው የነበረው ከመቶ ዘጠኝ እጅ የሰከንድ ነው። እኛ እልል ስንል እሱ ምን እንደተሰማው የጠየቀ ሰው በሠፈራችን አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከኋላው የገባው ሰው ነው። ሳሚ ኮሪር ይባላል፤ ወደ ውድድሩ የገባው አሯሯጭ ሆኖ ነው። የገባው ከአንድ ሰከንድ በኋላ ነበር። ክብረ ወሰኑን ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአዲሱ ሚሌኒየም የመጀመሪያ ወር፣ በዚያው በርሊን ኃይሌ ወሰደው።

አሯሯጭ የሚባለውን ሰው አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ከፊት ሆኖ ነፋሱን የሚመታው፣ ፍጥነቱን የሚጠብቀው፣ ከዚያ ወደ ዳር ወጥቶ የሚቆመው ነው። ስለ እኩል ያልሆኑ ሚናዎች ስናወራ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ምክንያቱም የሱ ሚና ታናሽ ቢሆንም ግፍ የለበትም። ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ተስማምቷል፤ ይከፈለዋል፤ አሯሩጦ ጉልበት ከተረፈው ደግሞ፣ እንደ ኮሪር፣ እስከ መጨረሻው ከመሮጥ የሚያግደው የለም። በኑሮ ውስጥ ነፋሱን የሚመቱልን ሰዎች ግን አብዛኞቹ ውል አልፈረሙም።

ይህን ስል ወንድሜን ማለቴ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1973 ዓ.ም. ወንድሜ 6ኛ ክፍልን ጨርሶ የሚኒስትሪ ፈተናውን አልፎ ነበር። እኔ 4ኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን ወገቡን ከታመመ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። አንድ መምህር፣ ከትምህርት ቤቱ እኛ ቤት ድረስ በእግሩ መጣ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት። ጠላውን ሳይቀምስ፣ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ትልቁ ግን የተለየ ነው። ሂሳብ እኔን ያርመኛል። እባክዎን አያስቀሩት» አለ። አባቴ ሁለታችንን አስቆመን። በሬ ገበያ ላይ እንደሚታይ አየን፤ መጀመሪያ ትከሻችንን፣ ቀጥሎ እግራችንን። ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆመ «እውነትዎን ነው መምህር። ግን ይኼ ቀጫጫ እርፍ አይጨብጥም። እሱ ይማር» አለ።

ጉዳዩ በዚህ አለቀ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምርጫም አልነበረው። መሬቱ ካልታረሰ ሁለታችንም አንማርም፤ እንዲያውም አንበላም። ግን ወንድሜን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም፤ አባቴም፣ መምህሩም፣ እኔም አላልነውም። እኔማ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማታ ደስታዬን እንዳይሰማብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። የሚኒስትሪ ወረቀቱን እናቴ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጠችው። ልብሷን ስታወጣ ከሥር ብቅ ሲል ለብዙ ዓመት አይቼዋለሁ።

መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ ስማር ስንቄን የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ ዳቦ። መስከረም በመጣ ቁጥር ለደብተሬ አንድ በግ ይሸጥ ነበር። ሲመጣ ደብተሮቼን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጋል፤ የሂሳቡ ላይ ሲደርስ ይቆያል። አንድ ቀን 9ኛ ክፍል እያለሁ ያቃተኝን አንድ ጥያቄ ቆሞ፣ ጅራፉን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሠራልኝ። እንዴት እንደሠራው አላውቅም፤ ያን ትምህርት አልደረሰበትም ነበር። ለክፍል ጓደኞቼ ግን አልነገርኳቸውም።

የኔ ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ልጅ ሳለሁ የሆነው ነገር የኔ ጥፋት አይደለም። አድጌ፣ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ነበረኝ። «እሱ እርሻ ይወዳል» እል ነበር። ወይም፣ ከዚህ በባሰ፣ «ትምህርቱ ብዙም አልገፋለትም»። የመጀመሪያው አባባል የጣቱ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የስኬት መጽሐፉ ነው። ሁለቱንም ከማንም ሳልማር አውቃቸው ነበር ማለት ነው።

በዚያው በ1996 ዓ.ም. ክረምት ወንድሜ ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ነበር። የአቴንሱን 10 ሺህ ሜትር አብረን አየን። አንድ ዓይኑ ታሽጓል፤ በሌላው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ነው የሚያየው። ኃይሌ የእግሩን ጅማት ታሞ ነበር፤ ወደ ኋላ ቀረ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ቀነኒሳና ስለሺ እየሮጡ ይዞሩ ነበር፤ ፍጥነታቸውንም ቀነስ ያደርጉ ነበር።

«ምን ሆነው ነው የሚዞሩት?» አለ ወንድሜ።

«ኃይሌን እየጠበቁት ነው።»

«እሱ ምናቸው ነው?»

«ታላቃቸው ነው። በሱ መንገድ ነው የመጡት።»

ኃይሌ አልደረሰም። ልጆቹ ሄዱ፤ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። በሠፈሩ ጩኸት ሆነ። ወንድሜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ቢሆንም ዞረው አይተውታል» አለና ሊተኛ ተነሣ። ያኔ ስለ ሩጫው የተናገረ መስሎኝ ነበር። ምናልባትም ስለ ሩጫው ይሆናል፤ ሁሉን ነገር ወደ ራሴ የማዞር የአስተማሪ በሽታ አለብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ወንድሜን እበድለዋለሁ። የሚታዘንለት ሰው አይደለም። የእድሩ ገንዘብ በእጁ ነው፤ በደብተሩ ውስጥ የአንድ ብር ስህተት አይገኝም። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ መሬቱን በእርምጃ ለክቶ፣ እዚያው ቆሞ በልቡ አስልቶ፣ ድንጋዩ የሚተከልበትን ያሳያቸዋል፤ ይታረቃሉ። የቢራ ገብስ ዘር ሲመጣ ወጪና ገቢውን በከሰል በር ላይ ጽፎ፣ ያዋጣል አያዋጣም ብሎ መጀመሪያ የወሰነው እሱ ነው። ሽማግሌ ሲጠራ አስቀድሞ ስሙ ይነሣል። እኔ በከተማዬ ውስጥ ሦስት ሰው አስታርቄ አላውቅም። ሰው ቦታውን አግኝቷል ከተባለ፣ ወንድሜ አግኝቷል።

ታዲያ ለምን «እንደኔ?» ሲለኝ አፍሬ ዝም አልኩ?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር ሰዋስው ነው፤ የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ይቅር በሉኝ። «ቦታዬን አግኝቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንደኛ መደብ እውነት ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ቢለው እውነት ነው፤ አርባ ዓመት ሠርቶበታል፤ ያልመረጠውን ነገር በራሱ ጉልበት የራሱ አድርጎታል። ይኸው ዓረፍተ ነገር ወደ ሦስተኛ መደብ ሲዞር፣ «እሱ ቦታውን አግኝቷል» ሲባል ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ በተለይ የሚናገረው ሰው የወንድሙን ወንበር ይዞ የተቀመጠ ሲሆን። ያኔ የእሱ ድካም የኔ ማስተባበያ ይሆናል። እሱ በደረሰበት ነገር ላይ ያሳየው ብርታት፣ እንዲደርስበት ያደረገው ነገር ትክክል እንደነበር ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። ወንድሜ ከስልኩ ማዶ የሰማው ይህን ነው። የራሱ የሆነችውን አንዲት ነገር፣ በምሬቱ ላይ ያገኘውን ድል፣ እኔ ወስጄ ለልጁ ውድቀት ማስታገሻ አድርጌ ስልክለት ነው የሰማው። በሁለተኛ መደብማ፣ «ቦታሽን ታገኛለሽ» ሲባል፣ የባሰ ነው፤ ገና በሩን አንኳኩታ ላልጨረሰች ልጅ መቀመጫ ማሳየት ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። «ታዲያ ሰው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ነው የምትለው? ማን ይረስ? ማን ይሸምን?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁሉም አንደኛ የሚወጣበት ሩጫ የለም፤ ሚናዎች እኩል አይሆኑም፤ እንዲሆኑም አልጠበቅኩ። የኔ ጭንቀት ወዲህ ነው። ልጅቱ ወድቃለች፣ ከሷ ጋር ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ወድቀዋል፤ እነዚህን ልጆች «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ማን ነው? የምንነግራቸው ነው የሚበዛው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «አንተ ደግሞ ሁሉን በጥያቄ ትጨርሳለህ» ብሎ ቡናውን ከፈለና ሄደ።

በመጋቢት ወደ ወንድሜ ደወልኩ። እሱ ገበያ ነበር፤ ስልኩን ያነሣችው ልጅቱ ናት። ድምፅዋ ደህና ነበር። ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ጥያቄው አዲስ ሳይሆንባት አልቀረም። ከዚያ «በግል እንደገና መፈተን እፈልጋለሁ። ካልሆነልኝ ያኔ አስባለሁ» አለችኝ። «ይሁን እንጂ...» ብዬ ልጀምር ስል ምላሴን ነከስኩ። መጻሕፍት እንድልክላት ተስማማን። የምትፈልጋቸውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ሂሳብ ከላይ ነበር።

ስልኩን ልዘጋ ስል «አባትሽ ይርዳሽ፤ ከእኔ ይሻላል» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እንደዚያ ነው ነገሩ የወጣው። መምህሩ ቤት ድረስ መምጣቱን፣ ጠላውን፣ ትከሻችን እንዴት እንደታየ፣ ሙዳይ ውስጥ ያለውን ወረቀት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቤታቸው ውስጥ ተነግሮ አያውቅም ነበር። እኔ አልነገርኩም፤ እሱም አልነገረ።

«አባዬ?» አለች። «የእኛ አባዬ? እውነትዎን ነው? አንደኛ ይወጣ ነበር?»

በዚህ መሐል ወንድሜ ከገበያ ደርሶ ኖሮ ድምፁ ከሩቅ ተሰማኝ፤ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ነገረችው። የነገርኳትንም ሁሉ እየተጣደፈች ነገረችው። አህያውን የሚያወርድ ይመስለኛል፤ የጆንያ ድምፅ ይሰማል። «ተዪው፣ እሱ ሲያጋንን ነው» አለ። ከዚያ ስልኩን ተቀበላት። ጤናዬን ጠየቀኝ፤ የልጆቼን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ዘንድሮ ውርጩ ገብሱን እንዳልነካው ነገረኝ፤ ቀጥሎም ወደ በግ ዋጋ ገባ።